ሶፍትዌሩን ከመግዛታችሁ በፊት መዝገብ ቤት ግቡ

ይድረስ፦ የሰነድ አስተዳደር ሶፍትዌር ለመግዛት ወይም ለማሠራት በዝግጅት ላይ ላላችሁ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ የጨረታ ኮሚቴ አባላትና የአይሲቲ ባለሙያዎች

ጉዳዩ፦ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች በሲስተሙ ዝግጅት ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲሳተፉ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፤

ፋይላችሁን ከመደርደሪያ ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር መነሣታችሁን ከልቤ እደግፋለሁ። ከእኛ በላይ ይህን ቀን የናፈቀ ያለ አይመስለኝም። በመሰላል ወጥተን ክላሰር ስናወርድ የኖርነው፣ አቧራ ስንምግ የከረምነው፣ ጣሪያ ያፈሰሰበትን ፋይል ፀሐይ ላይ ያሰጣነው የመዝገብ ቤት ሰዎች ነን። ባለጉዳይ «ፋይልህ አልተገኘም» ሲባል ዐይኑ እንባ ሲያቀርር ያየነውም እኛ ነን። ስለዚህ የምለውን እንደ ተቃውሞ እንዳትቆጥሩብኝ እለምናለሁ። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፦ የጨረታ ሰነዱ ከመጻፉ በፊት የመዝገብ ቤት ሠራተኞቻችሁን ኮሚቴው ውስጥ አስገቡ፤ ሲስተሙ ምን መሥራት እንዳለበት እነሱ ይናገሩ።

እስካሁን ባየኋቸው ኮሚቴዎች የሚቀመጡት የአይሲቲ፣ የፋይናንስ፣ የግዥና የሕግ ሰዎች ናቸው። ሁሉም ያስፈልጋሉ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ግን የምትጠራው ነገሩ ሁሉ አልቆ፣ አቅራቢው ድርጅት ሥልጠና ሊሰጥ ሲመጣ ነው። ያኔ የፋይል አመዳደቡ ተወስኗል፣ የሚሞሉት ቅጾች ተዘጋጅተዋል፣ ውሉም ተፈርሟል። «ይሄ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነበር» ብትል «ለሚቀጥለው ቨርዥን እንይዘዋለን» ትባላለች። ይህ አሠራር ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በብዙ መሥሪያ ቤት «መዝገብ ቤት ተመደበ» የተባለ ሰው ይታዘንለታል፤ ከሌላ ክፍል የተረፈ፣ የተቀጣ ወይም የታመመ የሚላክበት ቦታ ሆኗል። ደመወዙ ዝቅተኛ፣ ክፍሉ ምድር ቤት። መሥሪያ ቤቱ ትናንት ምን እንደወሰነ፣ ለማን ምን ቃል እንደገባ የሚታወቀው ግን ከዚያ ክፍል ነው። ያንን ክፍል ሳያማክሩ የሚገዛ ሲስተም የገንዘብ ብክነት ብቻ ቢሆን እሺ ባልኩ፤ የሰው መብት አብሮ ይጠፋል።

እነዚህን ሲስተሞች በቅርብ ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። እንደ ፋይልኔት፣ ዶክመንተም፣ ሼርፖይንት፣ አልፍሬስኮ ያሉት ሥራቸው ተቀራራቢ ነው። ሰነዱን በአንድ ማከማቻ ይይዛሉ፤ ማን እንዳስገባው፣ ማን እንደከፈተው፣ ማን እንዳረመው ይመዘግባሉ፤ ሰነድ ሲታረም የቀደመውን ቅጂ ሳያጠፉ አዲሱን ይጨምራሉ፤ ደብዳቤውን ከኃላፊ ወደ ባለሙያ ይመራሉ፤ ሲጠየቁም ፈልገው ያቀርባሉ። ይህ ሁሉ ትልቅ ነገር ነው። ይሁንና ሲስተሙ ሲተከል ባዶ ነው። ይህ ደብዳቤ ከየትኛው ጉዳይ ጋር ይቀመጥ? በምን ስም ይጠራ? ስንት ዓመት ይቆይ? ማን ይየው? ይህን የሚነግረው ሰው ይጠብቃል። የሚነግረው ካጣ አቅራቢው ከሌላ አገር ባመጣው ነባር ቅጽ ይሞላዋል።

የእኛ የመንግሥት ደብዳቤ ራሱን ያስተዋውቃል። በላይ ቁጥርና ቀን አለው፤ «ለ» ብሎ ተቀባዩን፣ «ጉዳዩ» ብሎ ርእሱን ይነግራል፤ ከታች ፈራሚው፣ ማኅተሙ፣ ግልባጭ የተደረገላቸው ይሰፍራሉ። ሲገባ የገቢ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሲወጣ በወጪ መዝገብ ይጻፋል። ለማንኛውም ሲስተም የሚያስፈልገው መለያ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል ማለት ነው። ከውጭ የመጣውን ቅጽ ብትከፍቱት ግን «አርእስት፣ ደራሲ፣ መግለጫ፣ ቁልፍ ቃላት» ይላል። መስኮቱ ላይ ሰው የተሰለፈባት ሠራተኛ «አርእስት» ላይ «ደብዳቤ» ብላ ትጽፍና የቀረውን ባዶ ትተወዋለች። ዓመት ሲሞላ «ደብዳቤ» የሚባል ስፍር ቁጥር የሌለው ሰነድ ተከማችቶ ይገኛል። እሷን የሚወቅስ ሰው ቅጹን አላየውም።

ከዚህ የሚብሰው የምሪቱ ነገር ነው። ደብዳቤ ሲደርስ ኃላፊው ጥጉ ላይ ወይም ጀርባው ላይ በእጁ «አጣርተህ አቅርብ»፣ «በመመሪያው መሠረት ይፈጸም»፣ «ተነጋግረን» ብሎ ይፈርማል። የታተመው ጽሑፍ የሚናገረው ጥያቄውን ነው፤ ማን ምን እንደወሰነ የሚናገረው ያ የእጅ ጽሑፍ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የስካን ሥራ ሲሠራ በቅርብ ተመልክቻለሁ። በቀን ሒሳብ የተቀጠሩ ወጣቶች ፋይሉን ፈትተው፣ ሽቦውን ነቅለው የፊት ገጹን ብቻ ያሳልፉ ነበር። የሚለኩት በቀን በጨረሱት ፋይል ብዛት ስለሆነ ማንም ገልብጦ አያይም። ጀርባ ላይ ያለው ምሪት ሁሉ ቀረ። ውፍረቱ አንድ ክንድ የሚያህለው ፋይል አንድ ረጅም ፒዲኤፍ ሆነ፤ ስሙም «ስካን» ከሚል ቃልና ከተራ ቁጥር በቀር ምንም አልነበረው። ወረቀቱ ወደ ቦታው ሲመለስ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ተዛብቶ ነበር። የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ ከዓመታት በፊት በየገጹ ጥግ በቀይ እስክሪብቶ የጻፈቻቸው ቁጥሮች ባይኖሩ ኖሮ መልሶ ማሰናዳቱም ባልተቻለ።

እሷን ቢጠይቋት በአምስት ደቂቃ የምትነግራቸው ነበር፦ የወረቀቱ ሁለቱም ገጽ፣ በቀለም፣ እያንዳንዱ ደብዳቤ ለብቻው፣ አባሪው ከመሸኛው ሳይለይ፣ በገጽ ቁጥሩ ቅደም ተከተል። የአይሲቲ ባለሙያው በዚያ ላይ የራሱን ይጨምራል፤ ጥራቱ ቢያንስ 300 ዲፒአይ፣ ፎርማቱም ለረጅም ጊዜ ማቆያ ተብሎ በ2005 እ.ኤ.አ. ደረጃ የወጣለት ፒዲኤፍ/ኤ ይሁን ይላል። ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ ያ ሁሉ ወጪ ባልባከነ።

አመዳደቡ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አብዛኛው አቅራቢ ፎልደሮቹን በመሥሪያ ቤቱ መዋቅር ልክ ይከፍታቸዋል፤ ለየዳይሬክቶሬቱ አንድ ፎልደር፣ በሥሩ ለየቡድኑ። ስክሪን ላይ ሲታይ ያምራል። መዋቅር በእኛ አገር ስንቴ እንደሚለወጥ ግን እናንተም ታውቃላችሁ። የፌዴራል አስፈጻሚ አካላትን ሥልጣንና ተግባር የሚወስነው አዋጅ በ1998 ቁጥር 471፣ በ2003 ቁጥር 691፣ በ2008 ቁጥር 916፣ በ2011 ቁጥር 1097፣ በ2014 ቁጥር 1263 ሆኖ ወጥቷል። አዋጁ በወጣ ቁጥር አንዱ ሚኒስቴር ከሌላው ይዋሃዳል፣ ወይም ይከፈላል፣ ወይም ስም ይቀይራል፤ ፋይሉም በካርቶን ተጭኖ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ይጓዛል። ዳይሬክቶሬት ይፈርሳል፤ የጡረታ ጉዳይ፣ የግዥ ጉዳይ፣ የቅሬታ ጉዳይ ግን አይፈርስም። በ2001 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ2016 የታደሰው አይኤስኦ 15489 የተባለው የመዛግብት አስተዳደር ደረጃም አመዳደቡ ከመዋቅሩ ይልቅ በሥራው ዓይነት ላይ ቢመሠረት ይሻላል የሚለው ለዚህ ነው። የቆዩ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ደረጃውን ሳያነቡ ይህን ያውቁታል።

እንዴት እንደሚያውቁት ያየሁትን ላካፍላችሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የመንግሥት መኪና የነዱ አንድ ሾፌር 60 ዓመት ሞልቷቸው ጡረታ ሊወጡ የመጀመሪያ የቅጥር ደብዳቤያቸው ተፈለገ። መስኮት ላይ ያለው ወጣት ስማቸውን ጽፎ ፈለገ፤ የለም። ፊደል እየለዋወጠ ደግሞ ሞከረ፤ የለም። «አባት፣ ፋይልዎ ሲስተም ላይ የለም» አላቸው። ወጣቱ ትሑት ነበር፤ ያለውን ሁሉ አድርጓል። ሰውየው ሲመላለሱ ከረሙና በመጨረሻ ምድር ቤት ወደተቀመጠችው ሴት ተላኩ። እሷ ከስማቸው አልጀመረችም። «አባባ፣ መጀመሪያ የተቀጠሩት የት ነበር?» አለቻቸው። ድሮ የፈረሰ የአንድ ድርጅት ጋራዥ ነገሯት። የዚያ ድርጅት ሠራተኞች ፋይል በርክክብ ሲመጣ ከየትኛው ቁጥር እንደጀመረ፣ በየትኛው መደርደሪያ እንደተቀመጠ፣ የትኞቹ ካርቶኖች ጭራሽ ስካን እንዳልተደረጉ ታውቃለች። ሻይ ተፈልቶ እስኪወርድ እንኳ አልቆየችም፤ ፋይሉን ይዛ መጣች። ሲስተሙ ላይ የቀድሞውን ድርጅት ስም፣ የርክክቡን ዓመትና የድሮውን የፋይል ቁጥር የሚይዝ ፊልድ ቢኖር ያ ወጣትም ያገኘው ነበር። ይህች ሴት ነገ ጡረታ ስትወጣ ይህ ሁሉ አብሯት ይወጣል። ከወረቀቱ በፊት መመዝገብ የነበረበት የእሷ እውቀት ነው።

በር ላይ መመላለስ ለማይችል ሰው ደግሞ ነገሩ የከፋ ነው። ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ሆኖ በወኪል የሥራ ልምድ ማስረጃ የሚያስፈልገው ሰው «የለም» የሚለውን መልስ ተቀብሎ ይቀመጣል። ምድር ቤት ያለችውን ሴት ጠይቁልኝ ማለት አያውቅም።

ፍለጋው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙው ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና። ኃይለ ሥላሴ የሚባል ሰው እንፈልግ። የመጀመሪያው ፊደል በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ ሊጻፍ ይችላል። ከዚያ ሥ ወይም ስ፤ ሴ ወይም ሤ። ይህ ብቻ 24 አጻጻፍ ይሰጣል። አንዱ ጸሐፊ ስሙን አጣብቆ፣ ሌላው ለያይቶ ሲጽፈው 48 ይሆናል። ኃ/ሥላሴ ብሎ ያሳጠረውን ገና አልቆጠርንም። ለእኛ ሁሉም አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒውተሩ እያንዳንዱ የተለየ ቃል ነው። በአና በዐ፣ በጸና በፀ የሚጻፈውም እንዲሁ ነው። ቅጥያውንም ጨምሩበት፤ «መሬት» ብሎ የፈለገ ሰው «የመሬት»፣ «ለመሬት»፣ «ከመሬቱ» የሚሉትን ሰነዶች ላያገኝ ይችላል።

ለፊደሎቹ ልዩነት መድኃኒት አለ፤ ከባድም አይደለም። አልፍሬስኮን የመሰሉ ሲስተሞች ፍለጋቸው የሚሠራው ሶልር ወይም ኢላስቲክሰርች በሚባል ፕሮግራም ነው፤ ሁለቱም ሰነዱን ማውጫ ውስጥ ሲያስገቡ ፊደልን በፊደል የሚተካ ሠንጠረዥ ይቀበላሉ። ሃን፣ ሐን፣ ሓን፣ ኀንና ኃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ ሠንጠረዥ አንድ ጊዜ ከተሠራ ይበቃል። ለውጡ የሚደረገው በማውጫው ውስጥ ብቻ ስለሆነ የሰነዱ አጻጻፍ እንዳለ ይቆያል፤ የማንም ስም አይነካም። ግን ካልጠየቃችሁ አይሠራላችሁም። የጨረታ ሰነዱ ላይ «አማርኛ ይደግፋል» የሚል መሥመር ብቻ ካለ ፊደሉ ስክሪን ላይ ስለታየ መስፈርቱን አሟልቷል ይባላል። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ደጋግሞም አናዶኛል።

በየኮምፒውተሩ የተቀመጡት የቆዩ የወርድ ፋይሎች ሌላ የተደበቀ ችግር አለባቸው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት መሥሪያ ቤቶቻችን እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ሲጽፉ ኖረዋል። በዘመናቸው ትልቅ ውለታ ውለውልናል። የቆዩት ፎንቶች ግን የእኛን ፊደል ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀመጡ ስለሆኑ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ የሚወጣው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። አዲሱ ሲስተምም ማውጫው ውስጥ የሚያስገባው ያንኑ ዝብርቅርቅ ነው። ፋይሎቹ ከመግባታቸው በፊት ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለባቸው። የትኛው ክፍል በየትኛው ዘመን በየትኛው ፕሮግራም ይጽፍ እንደነበር የምታውቀው የዚያ ክፍል የቀድሞ ጸሐፊ ናት፤ ጠይቋት።

ወደ ቀኑ ልለፍ። ሶፍትዌሩ የሚያውቀው 12 ወር ነው፤ እኛ 13 አለን። ጳጉሜን 3 የገባ ደብዳቤ ልትመዘግብ 13 ብላ ስትጽፍ ሲስተሙ እምቢ ያላት ሠራተኛ ነሐሴ 30 ብላ ስታስገባው አይቻለሁ። ጥቅምት 30ንም 30/02 ብሎ መጻፍ አይቻልም፤ ማሽኑ የሚያስበው ፌብሩዋሪን ነው። እንዲህ እያለ ሐሰተኛ ቀን በመንግሥት መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ቀን ተቆጥሮ የሚወሰን የይግባኝ ጉዳይ ሲመጣ ለባለጉዳዩ ማን ይመልስለታል?

የባሰም አለ። 05/03/2012 የሚል ደብዳቤ የተጻፈው ኅዳር 5 ቀን 2012 ነው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ኖቬምበር 15 ቀን 2019። ማሽኑ 2012ን እንደ ፈረንጅ ዓመት ከወሰደውና ሰነዱ 10 ዓመት እንዲቆይ ከታዘዘ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ጊዜው አልፏል ብሎ ለማስወገድ ያቀርበዋል። ጊዜው በእውነት የሚሞላው በ2029 እ.ኤ.አ. ነው። ከ7 ዓመት በላይ ቀድሞ የጠፋን ሰነድ ማንም መልሶ አያመጣውም። ስለዚህ ሲስተሙ በውስጡ በፈለገው መንገድ ይቁጠር፤ ሠራተኛው የሚጽፈውና የሚያየው ግን የእኛ ቀን ይሁን፣ ዓመቱም ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 በሚሄደው በጀት ዓመት ሊለይ ይገባል። ስምም እንዲሁ በእኛ ልክ ይሁን፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ለሠራተኞች «ላስት ኔም» የሚል ሳጥን ብቻ ሲሰጣቸው አንዱ የአባት፣ ሌላው የአያት ስም እየሞሉ የአንድ ሰው ፋይል ሁለት ቦታ ይከፈታል።

ሲስተሙ ከተተከለ በኋላም ሥራው በጓሮ በር ሲሄድ አይቻለሁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፤ «በቴሌግራም ላክልኝ» ይላል፤ ባለሙያው ረቂቁን ፎቶ አንሥቶ ይልካል፤ ኃላፊው «ይሁን» ብሎ ይመልሳል። ውሳኔ ተሰጠ፤ ያለው ግን በሁለት ሰዎች የግል ስልክ ውስጥ ነው። አንዱ ሲዛወር ወይም ስልኩ ሲሰረቅ መሥሪያ ቤቱ ለምን እንደዚያ እንደወሰነ የሚያሳይ ወረቀት አይኖረውም። በፍላሽ የሚዘዋወረውም ያው ነው። ሠራተኛውን መገሠጽ ቀላል ነው። እኔ ግን ሲስተሙ ከስልክ የማይከፈት፣ አንድ ደብዳቤ ለማስገባት ገጽ ሙሉ ቅጽ የሚያስሞላ፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥ የተሞላውን የሚያጠፋ ከሆነ ሰው ወደ ቴሌግራም መሄዱ አይቀርም ባይ ነኝ። ለዕለት ደብዳቤ ቁጥር፣ ቀን፣ ከማን፣ ለማንና ጉዳዩ ይበቃል። የቀረውን ሲስተሙ ከፋይሉ ቁጥር ራሱ ይውሰድ።

የሕጉን ነገር ለሕግ ክፍሎቻችሁ ብተወው ደስ ባለኝ፤ ጥቂቱ ግን ካልተባለ ይዘነጋል። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመውና ብዙዎቻችን ወመዘክር የምንለው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ሥልጣኑ የተደነገገው በአዋጅ 179/1991 ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ሲወገድም የእሱን ፈቃድ ይጠይቃል። «ስካን ተደርጓልና ወረቀቱ ይውጣልን» የሚል ጥድፊያ ከዚህ አዋጅ ጋር ይጋጫል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ 1072/2010 ከወጣ ቆይቷል፤ ሆኖም የፊርማን ምስል ወርድ ላይ መለጠፍ በሰርተፊኬት የተረጋገጠ ዲጂታል ፊርማን አይተካም። የሠራተኛ የግል ማኅደር የሕክምና ማስረጃ፣ የዲሲፕሊን ውሳኔ፣ የዋስትና ወረቀት ይዟል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ሥራ ላይ ባለበት ጊዜ ያንን ማኅደር ለሁሉም ክፍት ማድረግ አይቻልም። በመዝገብ ቤት ቁልፍ የያዘው ሰው ማን ምን እንደወሰደ በካርድ ይይዝ ነበር፤ ሲስተሙ ከዚያ ያነሰ ጥንቃቄ ሊኖረው አይገባም።

መዝገብ ሳይነካ መቆየቱ ምን ያህል እንደሚጠቅም የራሳችን ታሪክ ይመሰክራል። በ1987 ዓ.ም. በተጀመረውና በ1999 የጥፋተኝነት ፍርድ በተሰጠበት የደርግ ባለሥልጣናት ክስ ከቀረቡት ዋና ዋና ማስረጃዎች መካከል የዚያው ሥርዓት ቢሮዎች ራሳቸው የጻፏቸው፣ ፊርማ ያረፈባቸው ሰነዶች ነበሩ። መዝገብ ቤት የተቀመጠ ሰው ያቆያቸው ወረቀቶች ናቸው። እነሱ ባይቆዩ ልጆቻቸውን ያጡ ቤተሰቦች በፍርድ ቤት የሰሙት እውነት ብዙው ተዳፍኖ በቀረ። ስለዚህ በምትገዙት ሲስተም ላይ ማንም ሰው፣ የሲስተሙ አስተዳዳሪም ቢሆን፣ የተመዘገበን ሰነድ ዱካ ሳይተው መሰረዝ ወይም መቀየር እንዳይችል አድርጉ። በዚህ ላይ ድርድር ባይኖር እወዳለሁ።

ውሉን ስትፈርሙ ደግሞ መውጫውን አስቡ። ዛሬ በ22 ዓመቱ የሚቀጠር ሠራተኛ 60 እስኪሞላው ፋይሉ 38 ዓመት ይፈለጋል። በ1990 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዶክመንተም በ2003 ለኢኤምሲ ተሸጠ፣ በ2016 ከኢኤምሲ ጋር ዴል እጅ ገባ፣ በ2017 ኦፕንቴክስት ወሰደው። ፋይልኔትን አይቢኤም በ2006፣ አልፍሬስኮን ሃይላንድ በ2020 ገዙ። ከእናንተ ጋር የሚፈርመው ድርጅት ከ38 ዓመት በኋላ እንደሚኖር ማንም ዋስ አይሆንም። ሰነዱን ከነመለያው፣ ከነቀኑ፣ ከነምሪቱ በክፍት ፎርማት አውጥቶ ለሌላ ሲስተም የማስረከብ ግዴታ በውሉ ይግባ፤ አንድ ጊዜም ርክክቡ በሙከራ ይታይ። በየዓመቱ በውጭ ምንዛሬ የሚታደስ ፈቃድ ለመክፈል አቅሙ ከሌለ ኮዳቸው ክፍት የሆኑትን ሲስተሞች ማየት ይቻላል፤ ያኔ ግን የተረፈውን ገንዘብ ለሚንከባከቡት ባለሙያዎች መመደብ ግድ ነው። ከመጠባበቂያ ቅጂዎቹም ቢያንስ አንዱ ከሕንፃው ውጭ ይቀመጥ።

ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የተባለው ስትራቴጂ ከጸደቀ ጀምሮ፣ የአንድ ማዕከል አገልግሎትም በየቦታው እየተከፈተ በመጣበት በዚህ ጊዜ፣ ፍጥነት እንደሚጠበቅባችሁ አውቃለሁ። የምጠይቀው ብዙ ጊዜ አይወስድም። የመዝገብ ቤት ኃላፊዋን ድምፅ የሚሰጥ የኮሚቴ አባል አድርጓት። ረጅም ዓመት ያገለገሉት ሠራተኞች የሚያውቁትን፣ የፈረሱ ድርጅቶችን ስም፣ የርክክቦቹን ታሪክ፣ የድሮ ቁጥሮቹን አካሄድ፣ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ተቀምጦ የሚጽፍላቸው ሰው መድቡ። ሲስተሙ ሲመጣ የሚጨመርባቸውን ሥራ የሚመጥን የደረጃና የደመወዝ ዕድገት ጠይቁላቸው።

ርክክቡንም እንዲህ አድርጉት። የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ ራሷ የመረጠችው አንድ ካርቶን ወደ ሲስተሙ ይግባ፤ ስሙ በተለያየ ፊደል የተጻፈ ሰው፣ በጳጉሜን የተጻፈ ደብዳቤ፣ ጀርባው ላይ ምሪት ያለበት ገጽ፣ ከፈረሰ መሥሪያ ቤት በርክክብ የመጣ ማኅደር ያለበት ካርቶን። ከዚያ ያንን ካርቶን አይቶት የማያውቅ የመስኮት ሠራተኛ እነዚህን አራቱን በሲስተሙ ይፈልግ። አራቱንም ካገኘ ፈርሙ። አንዱን እንኳ ካጣ ክፍያው ይቆይ፤ አቅራቢውም አስተካክሎ ይመለስ።

ከአክብሮት ጋር
ለብዙ ዓመት በመዝገብ ቤት ሥራ ላይ ካለ ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት
ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር
በየመሥሪያ ቤቱ ላሉ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች